ጦሳን የለመደ እግር ቆላ ሸለቆ ሲገባ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ! የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አራት ጓደኛሞች ነን፣ በእረፍት ቀን ተራራ እንወጣለን፣ ጦሳን ብዙ ጊዜ ወጥተነዋል። አሁን ከባቲ በታች ያለውን ደረቅ የወንዝ ሸለቆ ይዘን ወደ አፋር ቆላ ሁለት ቀን በእግር ልንሄድ አስበናል። የሥራ ፈቃድ የምናገኘው መጋቢት ላይ ነው። እኔ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይበቃል ስል አንዱ ጓደኛችን በፍጹም ብሎ ድርቅ አለ። ጎርፍስ የክረምት ነገር ነው አይደል? ሳትሸፋፍን ንገረን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ልክ ነው። ጎርፉንም በተመለከተ ተሳስተሃል። ግን አብሽር፣ ሳትሄዱ መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ይህን ያዝልኝ። ጦሳ ላይ ድካሙ መጀመሪያ ነው የሚመጣው። ትወጣለህ፣ ከደከመህ ትመለሳለህ፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው፣ ደሴም ከእግርህ ስር ትታይሃለች። ሸለቆ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው ቁልቁል ትንደረደራለህ፣ ጉልበትህ የማያልቅ ይመስልሃል፣ ሳታስበው ሩቅ ትደርሳለህ። ዳገቱ የሚጠብቅህ ከሰዓት በኋላ፣ ውሃህ ተጋምሶ፣ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ሲግል ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባቲ 1,500 ገደማ፣ ሚሌ ከተማ ደግሞ 500 ገደማ። 1,000 ሜትር በወረድክ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከያዝከው ውሃ ሲሶውን ስትጨርስ የትም ሁን የት ፊትህን አዙር፤ ሁለት ሲሶው የመመለሻ ነው።

ውሃው በዚያ ሙቀት ለሚራመድ ሰው በቀን ከ5 እስከ 6 ሊትር ነው። ለአራት ሰው ለሁለት ቀን ከ40 ሊትር በላይ ይሆናል፣ ማለትም ሁለት ቢጫ ጄሪካን ሞልቶ ይተርፋል። ይህን በጀርባ ተሸክሞ ገደል ለገደል መሄድ አይታሰብም። ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ ባቲ ውጡና መንገዱን የሚያውቅ ባለ ግመል ተነጋገሩ። ውሃ ብቻውንም አይበቃም፣ በላብ የወጣው ጨው መተካት አለበት። በሶ ጨው ጣል አድርጋችሁ ያዙ፣ ቆሎ ያዙ፣ ከፋርማሲ ጥቂት ፓኬት ኦአርኤስ ግዙ። ወንዝ ውስጥ ኩሬ ብታገኙ በነጠላ አጣሩና አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ጨምሩበት።

ጎርፉን ከራሴ ልንገርህ። አንድ የበልግ ከሰዓት ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ከባቲ በታች አንድ ሸለቆ ውስጥ ነበርን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አሸዋው ከመድረቁ የተነሳ የሚንሿሿ። ከትልቅ ድንጋይ ጥላ ስር ጫማችንን አውልቀን ጋደም ብለናል። ፍየል የሚጠብቅ የአፋር ልጅ ከላይ ሆኖ ጮኸ። ቋንቋውን አልሰማነውም፣ ግን በዱላው ወደ ደጋው እያመለከተ አስሬ «ውጡ» የሚል ምልክት ሰጠን። ዞረን ስናይ በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወጣን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየና መጀመሪያ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ከዚያ ከነግንዱ ከነቅጠሉ ቡናማ ውሃ። የተጋደምንበት ድንጋይ ጠፋ። አንዲት ጠብታ እኛ ላይ አልወረደችም። ያን ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሌን የመሳሰሉ ወንዞች የሚነሱት ከእኛው ደጋ ነው፤ ሚሌ ራሱ ከተሁለደሬ ተራሮች ተነስቶ ወርዶ አዋሽ ይገባል። እዚህ የዘነበ ዝናብ እዚያ ፀሐይ ላይ የተቀመጠን ሰው ይወስዳል። መጋቢት ደግሞ ለወሎ የበልግ ወር ነው። ሙቀቱም ይጨምራል፣ ጎርፉም አለ። ፈቃዳችሁን ወደ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ አዙሩት፤ የማይሆን ከሆነ ጉዞውን ተዉት እንጂ በመጋቢት አትግቡ። በየትኛውም ወር ቢሆን ወንዝ ውስጥ አትደሩ፣ ድንኳኑን ከፍ ያለ ቦታ ትከሉ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጥላ ፈልጋችሁ እስከ 10 ሰዓት አረፍ በሉ። አብሮህ የሚሄድ ሰው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ የማይያያዝ ነገር ካወራ፣ ቆዳው ከጋለ፣ ሙቀት መቶታል። ጥላ ስር አጋድመው፣ ልብሱን አርጥብ፣ አራግብለት፣ ቶሎ ወደ ሐኪም አድርሰው። ራሱን ስቶ እያለ በአፉ ውሃ አታፍስ።

ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። እዚያ የሚሠራው ዳጉ ነው፤ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን የሚለዋወጡበት ባህል። ስለዚህ ሰው ስታገኙ ሰላምታ ሰጥታችሁ አታልፉ። ቁጭ በሉ፣ ከየት እንደመጣችሁና ወዴት እንደምትሄዱ በግመሉ ባለቤት አስተርጓሚነት ተናገሩ፣ ውሃው የት እንዳለ ጠይቁ። ብትጠፉ የሚያገኛችሁ ይኸው ወሬ ነው። ከመነሳታችሁ በፊትም ወረዳው ሄዳችሁ የጸጥታውን ነገር ጠይቁ፤ አትሂዱ ካሏችሁ አትሂዱ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ በዚህ አካባቢም አልፏል፣ መሬት ላይ የማታውቁት ብረት ካያችሁ በእግራችሁም እንኳ አትንኩት።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ። ወንድሜ ቆላ ይወርዳል፣ ሁሌም ምላጭና ገመድ ይይዛል። እባብ ቢነድፈው አስሮ፣ በጥቶ ደሙን መምጠጥ ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ማሰሩ እግሩን ሊያሳጣው ይችላል፣ መብጣቱ ደም ያፈሰዋል፣ መምጠጡ መርዙን አያወጣም። ቀለበትና ጠባብ ጫማ ካለ ያውልቅ፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በእንጨት ደግፎ አያንቀሳቅሰው፣ በራሱ እግርም አይሂድ፣ ሰው ተሸክሞት ወይም በግመል ጭኖት ቶሎ ሆስፒታል ይድረስ። ምላጩንና ገመዱን አስቀሪውና ወፍራም ጫማ ግዢለት፤ ብዙ ጊዜ የሚነደፈው እግር ነውና።