«በነፃ ነው የምትሠሪው?»

ጥያቄ፦ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከቤታችን ኮሌጅ ለመግባት የመጀመሪያዋ እሷ ስለሆነች፣ እኔም ሆንኩ አባቷ አሠራሩን በቅጡ አናውቀውም። እስካሁን በየሰመሩ ሱቅ እየሠራች የመጽሐፍና የትራንስፖርት ወጪዋን ትሸፍን ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሱቁን ትታ ክፍያ የሌለው ኢንተርንሽፕ (የሥራ ልምምድ) መግባት ትፈልጋለች። «በነፃ ነው የምትሠሪው?» ብዬ ተቆጣኋት። ጓደኞቿ ሁሉ እንደሚገቡ ነገረችኝ። አጥፍቻለሁ?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ቁጣው ባይኖር ይሻል ነበር እንጂ ጥያቄዎስ ተገቢ ነው። ልጅዎም አልተሳሳተችም፤ እዚህ አገር ብዙ አሠሪዎች አዲስ ተመራቂ ሲቀጥሩ ከዲግሪው ጋር በሙያው የተሠራ ልምምድ ይፈልጋሉ። ወላጆቻቸው ኮሌጅ የጨረሱ ጓደኞቿ ይህን በራት ገበታ ላይ እየሰሙ ያደጉ ከመሆናቸውም በላይ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ደመወዝ ያለውን የሰመር ቦታ ቀደም ብለው፣ ብዙ ጊዜም ከሴፕቴምበር ጀምሮ እንደሚያወጡ የሚነግራቸው ሰው አላቸው። ነጋሪ የሌለው ተማሪ ኤፕሪል ላይ ፍለጋ ሲጀምር የሚደርሰው ከሌሎች የተረፈው ነው።

አሁን በእጇ ያለውን ቦታ በተመለከተ በመጀመሪያ የድርጅቱን ዓይነት ይጠይቋት። ለትርፍ የቆመ ድርጅት ተማሪን በነፃ እንደ ልቡ ማሠራት አይችልም፤ የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2018 በተቀበለው መመዘኛ መሠረት፣ ከልምምዱ ይበልጥ የሚጠቀመው ተማሪው ሳይሆን ድርጅቱ ከሆነ ተማሪው እንደ ሠራተኛ ተቆጥሮ ቢያንስ ዝቅተኛው ደመወዝ ይገባዋል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን ሰፋ ያለ ነፃነት አላቸው፤ ዋይት ሀውስ እንኳ ለተለማማጆቹ መክፈል የጀመረው በ2022 ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ክሬዲት (ለዲግሪ የሚቆጠር የትምህርት ነጥብ) ይያዝልሻል» የሚለው ማባበያ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለዚያ ክሬዲት የሰመር ክፍያ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ልጅዎ በነፃ መሥራቷ ሳያንስ ለመሥራት ከኪሷ ልትከፍል ነው። ከመፈረሟ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲው የሥራ ምክር ቢሮ ሄዳ፣ ክፍያ ለሌለው ልምምድ የሚሰጥ ድጎማ መኖሩን፣ እንዲሁም ወርክ ስተዲ (በመንግሥት ድጎማ ለተማሪ የሚሰጥ ሥራ) ካላት ከግቢ ውጭ ባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ልትሠራበት መቻሏን ትጠይቅ። ድጎማ ከሌለ፣ ልምምዱ በሳምንት ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን እንዳይበልጥ ተስማምታ በቀሩት ቀናት ሱቋን ትያዝ።

የሱቁን ሥራ ደግሞ ሬዙሜዋ ላይ ታስፍረው። ብዙ ልጆቻችን እንደ ነውር ቆጥረው ያስቀሩታል፤ ሒሳብ መዝጋትና የተቆጣ ደንበኛን ማስተናገድ ግን ለየትኛውም ቢሮ የሚጠቅም ልምድ ነው።