ግቢው በሚናጥበት ዓመት ለምትማሩ

የምትማሩበት ዓመት አገር የሚገለባበጥበት ዓመት ሆኖ ከተገኘ መካሪ አታጡም። አንደኛው «አርፈህ ትምህርትህን ተማር» የሚል ዘመድ ነው። ሌላው ትናንት አጠገባችሁ ተቀምጦ ሲማር የነበረና ዛሬ መድረክ ላይ ወጥቶ «አሁን ያልተነሳ መቼ ሊነሳ ነው?» የሚል ጓደኛ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ፤ በ1966 ዓ.ም. የአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነበርኩ። ከሁለቱም ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

የዘመዳችሁ ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን በእንዲህ ያለ ዓመት አርፎ መማር የሚባል ነገር የለም። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን በትምህርት ሴክተር ጥናቱ (መንግሥት ትምህርትን ለመለወጥ ባወጣው ዕቅድ)፣ የታክሲ ነጂዎች ደግሞ በቤንዚን ዋጋ አድማ መቱ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። የሠራተኞች አጠቃላይ አድማ ተከተለ፤ በሚያዝያ የእስልምና ተከታዮች እኩልነትን ጠይቀው ሰልፍ ወጡ። መስኮቱን ዘግቶ ስሌቱን የሚሠራው ተማሪም ቢሆን እነዚህን ጥያቄዎች ከደብተሩ ማስወጣት አልቻለም። ደግሞስ ለምን ይችላል? ባለሥልጣናት የሸፈኑትን የወሎን ረሃብ ፎቶግራፍ አንስተው ወደ ግቢ ያመጡት እኮ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ነበሩ። ያንን ያየ ልጅ «ትምህርትህን ተማር» ሲባል የትኛውን ትምህርት እንደሆነ ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

ከመድረክ ተናጋሪው ጋር ያለኝ ጠብ ግን ይበልጣል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ በኋላ ደርግ ተማሪውን ወደ ገጠር የሚልከውን የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲያውጅ፣ በግቢው «እንዝመት ወይስ አንዝመት?» የሚል ትልቅ ክርክር ተነሳ። ጥያቄው ከባድ ነበር። ወታደሩ ተማሪውን ከከተማ ሊያርቀው ነው የሚሉ ነበሩ፤ ገበሬውን እናገለግላለን እያልን ዓመታት ጮኸን አሁን እንዴት እንቀራለን የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ነገር ነበራቸው። የሚያናድደኝ ድምፅ የሚሰጥበት መንገድ ነበር። የአቋም መግለጫው ገና ተነቦ ሳያልቅ እጅ ይወጣል፤ እጁን ለማውጣት የዘገየ «መሃል ሰፋሪ» ይባላል፤ ከዚያ የባሰ ስምም ነበር። እንግዲህ ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው፦ ስም ሊወጣላችሁ ይችላል፤ ይውጣላችሁ። ወረቀቱን እስክታነቡ ድረስ እጃችሁን አታውጡ። የሃያ ዓመት ልጅ «እስቲ አንድ ሌሊት ልደርበት» ለማለት የሚያስፈልገው ድፍረት ከሰልፍ መሪነት አያንስም።

ማንበብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በዘመቻው ያየሁት ያስረዳልኛል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዘመቻው ሲጀመር የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን፣ ወደ 60 ሺህ የምንጠጋ ሰዎች በየገጠሩ ተሠማራን። እኔ የደረስኩት አርሲ ነው። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። «መሬት ለአራሹ!» ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪው መፈክር ነው፤ ከእኛ መካከል በዚህ መፈክር ያልተደበደበ ጥቂት ነበር። ገበሬዎቹን ሰብስበን ደስታችንን ስንገልጽላቸው አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና «መሬቱስ የእኛ ሆነ፤ የማርስባቸው በሬዎች የባለመሬቱ ናቸው፤ እነሱን ምን ላድርጋቸው?» ብለው ጠየቁ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ሰው ቀጥሮ ማሳረስ ተከልክሏል ሲባል ሰምታ «እኔ ማረስ አልችልም፤ ልጆቼም አልደረሱም» አለች። የቡድናችን አንደበተ ርቱዕ ስለ ፊውዳሊዝም መናገር ቀጠለ። መልስ የሰጠችው በስብሰባ ላይ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ አዋጁን ሌሊት በኩራዝ አንብባው ነበርና። የበሬዎቹ ጉዳይ በአዋጁ ተጽፏል፤ ለመበለትና ለታማሚ፣ ላልደረሱ ልጆችም ልዩ ሁኔታ ተደርጓል። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ እንደማይችል፣ የገበሬ ማኅበር በ800 ሄክታር ማለትም በ20 ጋሻ ገደማ እንደሚቋቋም ሁሉ አስረዳቻቸው። ከዚያች ቀን በኋላ ገበሬዎቹ ጉዳይ ሲኖራቸው የሚፈልጉት እሷን ነበር።

የእናንተ ዘመን በራሪ ወረቀት ስልካችሁ ውስጥ ነው። አዋጁ፣ ረቂቁ፣ የሴኔቱ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ስልክ ላይ ይገኛል። ስለ እሱ የተጻፈውን ሃያ አስተያየት ከማንበባችሁ በፊት እሱን ራሱን አንብቡት። አሰልቺ ነው። እኔም አሰልቺ መሆኑን አልክድም።

ሁለተኛው ነገር የመኝታ ክፍል ጓደኛን ይመለከታል። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ የወጡ ሁለት የግራ ፓርቲዎች ናቸው። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ዛሬውኑ ይቋቋም አለ፤ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ መስጠት፣ ማለትም እየነቀፉ መደገፍ፣ ይሻላል አለ። የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ደም ታውቁታላችሁና አልዘረዝረውም። እኔ ባደርኩበት ክፍል ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ የኢሕአፓን «ዴሞክራሲያ» ያነባል፣ ሌላው የመኢሶንን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»። ለዘመቻ እስክንበተን ድረስ ከአንድ ትሪ በሉ፤ ወረቀቶቻቸውንም ተለዋወጡ። አንድ ቀን አራት ኪሎ ተማሪ ተገደለ የሚል ወሬ ግቢውን ሲያምሰው፣ ሁለቱ አብረው ሄደው አጣርተው መጡ፤ የሞተ ሰው አልነበረም። አንዱ ብቻውን ቢሄድ ኖሮ የሌላው ወገን አያምነውም ነበር። በእኛ ሙያ የድልድይ ስሌት የሠራው መሐንዲስ ራሱ አያጸድቀውም፤ ስህተት ፈልጎ የሚያገኝ ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል። ከጎራችሁ ውጭ ያለው ጓደኛችሁ ያ ዓይን ነው። ቋንቋው ወይም ትውልዱ ከእናንተ የተለየ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያዙት፤ በዛሬ ግቢ ጎራው የሚለየው በርዕዮተ ዓለም ሳይሆን በዚህ ነውና።

ትምህርቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። መቋረጡ ያማል፤ ከዘመቻ ስመለስ ልዩነታዊ እኩልታ እንደ ባዕድ ቋንቋ ሆኖብኝ ነበር። ወደ ቤት ስትላኩ አንድ የዋና ትምህርታችሁን መጽሐፍ ያዙ፤ አምስት አትያዙ፤ አምስቱን አታነቧቸውም።

በመጨረሻ ማንም የማይነግራችሁን ልጨምር። በ2010 እና በ2012 ዓ.ም. ብዙ ተማሪዎች ግጭት ሸሽተው ግቢያቸውን ጥለው ወጥተዋል። ግቢ ሲረበሽ ሬጅስትራሩም ይዘጋል፤ ሲከፈት የሠራተኛውም የመዝገቡም ቦታ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ገና ሳይጋጋል የውጤት መግለጫችሁን አስወጡ፣ የምዝገባ ወረቀታችሁንና መታወቂያችሁን ፎቶ አንሡ፣ አንድ ቅጂ ወላጆቻችሁ ዘንድ አስቀምጡ። ስትመለሱ የት እንደነበራችሁ የሚጠይቃችሁ ሠራተኛ ወረቀት ነው የሚፈልገው።