የዕቁብ ብር «ስጦታ» ተብሎ ሲፈረም

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባል በሆንኩበት ክሬዲት ዩኒየን በኩል ቤት ልገዛ ሂደት ጀምሬያለሁ። ለዳውን ፔይመንት (ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ) የያዝኩት 24,000 ዶላር የዕቁብ እጣ ነው። ባለፈው ወር ደርሶኝ ባንክ አስገባሁት። 12 ሰዎች ነን፣ በወር 2,000 እንጥላለን፤ እኔ ገና የ4 ወር ይቀረኛል። ሎን ኦፊሰሩ (ብድሬን የሚያስፈጽመው ሠራተኛ) ጥሩ ሰው ነው፣ ብዙ ሐበሻ ቤት እንዲገዛ ረድቷል። ግን «ዕቁብ ማስረዳት አድካሚ ነው፤ ወንድምሽ በስጦታ ሰጠኋት ብሎ ይፈርም» አለኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ችግር አለው። እርስዎም ወንድምዎም እንዳትፈርሙ።

የስጦታ ደብዳቤው ሁለት ነገር ያረጋግጣል፤ ገንዘቡ ከወንድምዎ ኪስ እንደወጣ እና እንደማይመለስ። የመጀመሪያው ውሸት ነው። ብድር ለማግኘት ብሎ እያወቁ ለክሬዲት ዩኒየን የሐሰት ቃል መስጠት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ የቅጣቱ ጣሪያ 30 ዓመት እስርና 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለአንድ ደብዳቤ ያን ያህል ይፈረድብዎታል ብዬ ላስፈራራዎት አልፈልግም። ነገር ግን ዜግነት ካልወሰዱ በማጭበርበር ጥፋተኛ መባል ግሪን ካርድዎን ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል። «ሎን ኦፊሰሩ ነው ያለኝ» ማለትም አያድንም፤ ፊርማው የእርስዎ ነው። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ግን የእርስዎ ጠበቃ አይደለም፣ ደሞዙን የሚከፍለው ክሬዲት ዩኒየኑ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ውሸቱ ጨርሶ አለማስፈለጉ ነው። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው የፋኒ ሜይ ድርጅት መመሪያ፣ ብዙ አበዳሪዎች የሚከተሉት፣ በማኅበር የተጠራቀመ ቁጠባን ለዳውን ፔይመንት ይቀበላል። የሜክሲኮዎችን ታንዳ (እንደ ዕቁብ ያለ ቁጠባ) የሚያውቅ አንደርራይተር (የብድር ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው) ዕቁብን ለመረዳት አይቸገርም። የሚፈለገው ማስረጃ ነው። የዕቁቡ ሰብሳቢ መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት ሰው እንዳለበት፣ በወር ስንት እንደሚጣልና እጣው መቼ እንደደረሰዎት ጽፎ ይፈርምልዎት። እርስዎ በየወሩ የጣሉበትን የዜል ወይም የቼክ ማስረጃ ያያይዙ። በካሽ ከሆነ የጣሉት፣ በየወሩ ያወጡበት የባንክ ስቴትመንት ይረዳል፤ ብቻውን ግን ላይበቃ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የቀረውን 4 ወር እንዳይደብቁ። ከ24,000ው የራስዎ ቁጠባ 16,000 ነው፤ 8,000ው ገና የሚጥሉት ነው። መመሪያው ቀሪውን መዋጮ እንደ ወርሃዊ ዕዳ ይቆጥረዋል። 2,000 ዶላር ከሞርጌጁ ጋር ሲደመር ገቢዎ ላይችለው ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ዕቁቡ እስኪያልቅ ግዢውን ማዘግየት ይሻላል። ቤቱ እንዳያመልጥዎ ከሰጉ ሪልተርዎ ሻጩን የክሎዚንግ (ግዢው የሚጠናቀቅበት) ቀን ማራዘሚያ ይጠይቅ፤ ከተስማማም በጽሑፍ ይሁን። ውልዎ ብድር ካልተፈቀደ መውጣት የሚያስችል አንቀጽ እንዳለውና ቀኑ እንዳላለፈ ዛሬውኑ ይዩ። ያስያዙት ገንዘብ እሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሁን ለሎን ኦፊሰሩ በኢሜይል ይጻፉለት፦ «ገንዘቡ የዕቁብ ነው፣ ስጦታ አይደለም። ምን ሰነድ ላምጣ?» በስልክ ሳይሆን በኢሜይል። አሁንም ስጦታ በይው ካለ ወደ አለቃው ይሂዱ። ክሬዲት ዩኒየኑ ብድሩን ለፋኒ ሜይ ሳይሸጥ ራሱ የሚይዘው ከሆነ የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም ይጠይቁ።

የስጦታ ደብዳቤው አስቀድሞ ተፈርሞ ተልኮ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ሌላ ምንም ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ።