መልስ፦ ወሎ፣ ባቲ ከተማ ውስጥ ስለሚያረጁ አማራ አዛውንት በጻፍሽው የፊልም ስክሪፕት፣ የሌላ ብሔር ጎረቤቶቹ ታሪኩ ላይ «የተለጠፉ» መሰሉብኝ ላልሽው

አዲስ ገጸ ባህሪ አትጨምሪ፤ ላሉት የራሳቸውን ጉዳይ ስጫቸው። ባስቀመጥሽው ታሪክ ኦሮሞዋ ጎረቤትም፣ አፋሩ ግመል ነጋዴም ብቅ የሚሉት አማራውን አዛውንት ለማጽናናት ብቻ ነው። እነሱ አያረጁም? የተለጠፉ የመሰሉሽ ለዚህ ነው።

ጎረቤቷ ዓይናቸው ደክሟል እንበል። ቡና ሲቀዱ ሲኒው መሙላቱን በጣታቸው ጫፍ ይለካሉ፤ ልጃቸው እንዳታውቅ ግን ይደብቃሉ። ነጋዴው ደግሞ ጉልበታቸው ከድቷቸው ግመሎቹን ለልጃቸው ማስረከብ አቅቷቸዋል። አሁን ሦስቱም የሚያወሩት ነገር አላቸው።

መገናኛ ቦታ ፍለጋ አትድከሚ። የባቲ የሰኞ ገበያ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አፋሩን ያገናኛል። ቅሬም አለ፤ ወሎ ላይ እድርን የሚሉት እንዲያ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚቀብሩበት ቅሬ ስላለ፣ «ማን ይቀብረኛል?» የሚለውን የሽማግሌ ጭንቀት እዚያ አምጪው።

ቋንቋውን አትንኪው። ኦሮምኛውና አፋርኛው እንዳለ ይነገር፣ ትርጉሙ ከሥር ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ የሠራሁበት አጭር ፊልም ላይ ያስቃል ብለን የአፋሩን ሽማግሌ አማርኛ ሆን ብለን አሰባበርነው። ፊልሙን ስናሳይ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ አፋር አባት ዱላቸውን አንስተው ዝም ብለው ወጡ። እስካሁን ያመኛል። ቀረጻ ከመጀመርሽ በፊት ስክሪፕቱን ለአገሬው ሽማግሌዎች አንብቢላቸው።