የነርስነት ወረቀታችሁና የውጭ አገር ፈቃድ፦ ጥያቄና መልስ ከሲስተር ኤም ጋር

ሲስተር ኤም፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሪያድ ሠርቻለሁ፤ አሁን ሜሪላንድ ነርስ ነኝ። የምችለውን እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ሰነዳችሁን ለደላላ አትስጡ።

ቤቲ ከሐዋሳ፦ ሲስተር፣ ቢኤስሲ አለኝ፣ 3 ዓመት ሠርቻለሁ። ለአሜሪካ ከየት ልጀምር?

ሲስተር ኤም፦ ስቴት ምረጪ። እዚህ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የነርሶች ቦርድ አለው። ብዙዎቹ ትምህርትሽን የውጭ ነርሶችን ሰነድ በሚመረምረው ድርጅት፣ በሲጂኤፍኤንኤስ ያስመረምራሉ፤ ከ2025 ወዲህ ስሙ ትሩሜሪት ሆኗል። ከዚያ የነርስነት ፈቃድ ፈተናው ኤንክሌክስ አለ፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ 5 ሰዓት። ሰው የሚፈራው ፈተናውን ነው። እኔ ያየሁት ግን ብዙው ሰው ወረቀቱ ላይ ተይዞ ሲቀር ነው።

ለትምህርት ቤትሽ የሚላከው ቅጽ የሚጠይቀው ውጤት ብቻ አይደለም። የአዋቂዎች፣ የሕፃናት፣ የእናቶች፣ የአእምሮ ጤና፤ በእያንዳንዱ ትምህርት፣ ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት ተማርሽ፣ ሆስፒታል ስንት ሰዓት ወጣሽ ይላል። የእኛ ትራንስክሪፕት ክሬዲት እንጂ ይህን ሰዓት ለይቶ አያሳይም። ሬጅስትራሩ ግራ ይገባውና ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የእኔ 7 ወር ቆይቶ ሲደርስ የአእምሮ ጤናው መስመር ባዶ ነበር። ታናሽ እህቴ ዲፓርትመንቱ ድረስ ሄዳ ካሪኩለሙን አስወጣች። ኃላፊው ሰዓቱን አንድ በአንድ ሞልተው ፈረሙበት። ስለዚህ መጀመሪያ ዲፓርትመንቱን አነጋግሪ። ኮስት ሼሪንግ ካለብሽም ጨርሺ። ሰነዱ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ይሂድ፤ በአንቺ እጅ የገባ ወረቀት ዋጋ የለውም።

አቤል፦ ዱባይስ?

ሲስተር ኤም፦ ዳታፍሎው የሚባል ድርጅት ሰነድህን ያጣራል፣ ከዚያ ፈተና አለ። የዱባይና የአቡዳቢ ፈቃድ ሰጪዎች የተለያዩ ናቸው፤ የት እንደምትሄድ ሳትወስን ብር አትክፈል።

ሰላም፦ ሲስተር ፕሮሰሱን ንገሪን እስቲ።

ሲስተር ኤም፦ የምን ፕሮሰስ? የትኛው አገር? ዲግሪ ነው ዲፕሎማ? ከላይ አንብቢና ለይተሽ ጠይቂኝ።

ትዕግስት፦ ዲግሪዬ ላይ «ካሳ» በሁለት ኤስ ተጽፏል፣ ፓስፖርቴ ላይ በአንድ። ችግር አለው?

ሲስተር ኤም፦ አለው፣ ግን ይስተካከላል። ሁለቱም ስም የአንቺ መሆኑን ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ያረጋግጥልሽ። ከስሙ የሚብሰው ቀኑ ነው። ለምሳሌ ዲግሪሽ በፈረንጅ 2016 ተመረቀች ይላል። የሥራ ልምድሽ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር «ከ2009 ጀምሮ» ይላል። የሚያጣራው ሰው የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ 7 ወይም 8 ዓመት እንደሚያንስ ከየት ያውቃል? ከመመረቋ 7 ዓመት ቀድማ ነርስ ሆና ተቀጠረች ብሎ ያነባል። በዚህ ብቻ እውነተኛ ወረቀት ሐሰተኛ ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። ልጅቷ ስልክ ላይ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። መሥሪያ ቤታችሁ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍላችሁ።

ዮናስ፦ አገሮች በዓለም ንግድ ድርጅት ሥር ከሆኑ፣ ለምን አንዱ የሌላውን ዲግሪ እንዳለ አይቀበልም?

ሲስተር ኤም፦ የአገልግሎት ንግድ ስምምነቱ አንቀጽ 7 አገሮች የሌላውን ትምህርትና ፈቃድ እንዲቀበሉ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ፊሊፒንስ ከ1995 ጀምሮ አባል ናት። ነርሶቿ ዛሬም እንደ እኛው ኤንክሌክስ ይቀመጣሉ።

ገነት፦ ይቅርታ፣ ሁሉም ሲሄድ አገር ቤት ያለውን በሽተኛ ማን ያየዋል?

ዮናስ፦ በዚህ ደመወዝ የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል?

ገነት፦ ገጠር ጤና ጣቢያ ሠርቼ ነው የምናገረው። ለሊት ብቻዬን አዋልድ ነበር።

ዮናስ፦ እኔም ሠርቻለሁ እኮ።

ሲስተር ኤም፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ግን እዚህ አንጨርሰውም። ከጉዳዩ ጋር የሚገናኘውን ልንገራችሁ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት የጠናባቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያ አለችበት። በእንግሊዝ ደንብ ከእነዚህ አገሮች ኤጀንሲ ሄዶ መመልመል አይችልም። ነርሷ ራሷ ማመልከት ግን ትችላለች። ስለዚህ «ለእንግሊዝ ነርስ እየመለመልን ነው» የሚላችሁን ሽሹ።

ማርታ፦ ጀርመንስ?

ሲስተር ኤም፦ አልሠራሁበትም። የሚያውቅ ካለ ይርዳት።

ኤልሳ ከሽቱትጋርት፦ ዲግሪሽን ከእነሱ ትምህርት ጋር ያወዳድሩታል። እኔን ጉድለት አለብሽ አሉኝ። ወይ ማሟያ ሥልጠና ወይ ፈተና ምረጪ ተባልኩ፣ ሥልጠናውን መረጥኩ። ቋንቋው ቢ2 ነው፤ ዛሬውኑ ጀምሪ።

አቤል፦ ሲስተር፣ አንድ ሰው የ2 ዓመት ልምድ ላጽፍልህ እያለኝ ነው...

ሲስተር ኤም፦ አቤል፣ ወንድሜ፣ እንዳታደርገው። ሰነድህን የሚያጣሩት ሰዎች ደብዳቤውን ጻፈ ወደተባለው ሆስፒታል ራሳቸው ይጽፋሉ። «አናውቀውም» የሚል መልስ ከመጣ መዝገብህ ላይ ይቀራል፤ እውነተኛው ዲግሪህም አብሮ ይጠረጠራል። 2 ዓመቱን ሥራ።

ቤቲ፦ ዲፓርትመንት ደውዬ ነበር። ቅጹን አናውቀውም አሉኝ።

ሲስተር ኤም፦ በስልክ አይሆንም፣ በአካል ሂጂ። ቅጹን አትመሽ፣ የአእምሮ ጤናውን መስመር በእስክሪብቶ አክብበሽ አሳያቸው።