መናፈሻ ውስጥ ግጥም ለምታነቡ ልጆች

ልጆቼ፣ ግጥም ይዤ መናፈሻ መግባት የጀመርኩት 34 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። መሃል ላይ ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ግጥም በዚያ በክፍል ድምፄ ለቀቅሁት። ሰው ዘወር ብሎ ያየኝና መንገዱን ይቀጥላል። ስጨርስ አንድ ጎረምሳ እግሬ ሥር 10 ብር አስቀምጦልኝ ሄደ። (ማኪያቶ ባይገዛም መርቄዋለሁ።)

አላፊ አግዳሚ ተማሪ አይደለም። ስሙን መዝገብ ላይ አልጠራሁት፤ ደወል እስኪደወል የመቀመጥ ዕዳ የለበትም።

ላሊበሎችን አስቡ እስቲ። ገና ሳይነጋ ደጅ ቆመው ያዜማሉ። ግን ቀድመው የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ይጠይቃሉ። በእንቅልፍ ልቡ ስሙን በዜማ የሰማ ሰው እንዴት ተኝቶ ይቀራል? አዝማሪ ቤትም ግጥሙ የአዝማሪው ብቻ አይደለም። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል። እናንተ ግን ማይክ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ማይኩን ቤት ተዉት በሞቴ።

አጭር ግጥም ያዙ። እኔ የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ ነው የምወደው፦ በአንድ ስንኝ 6 ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ 6 ቀለም። ሁለት ስንኝ እየሄዱም ይሰማል፤ የወደደው ራሱ ይቆማል። ደግሞ በቃላችሁ አጥኑት። ዓይኑን ወረቀት ላይ የተከለ ሰው ማን እንደቆመለት፣ ማን እንደሰለቸው አያይም። ከስልክ ማንበቡንማ ጭራሽ አልወደው፤ እርጅናዬ ይሆናል።

አንድ ከሰዓት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ የትግላችን ሐውልት ያለበት መናፈሻ ተቀምጫለሁ። ፔርሙዝና የራጅ ፖስታ የያዘች ሴት አጠገቤ አረፍ አለች። አስታማሚ ናት። ፊቷን አይቼ ዝም ልል ነበር።

«ምንድነው የሚጽፉት ጋሼ?» አለችኝ ራሷ። ወረቀቱን ሰጠኋት።

«መነጽሬን አልያዝኩም፤ እርስዎ ይበሉልኝ።»

ይህ አግዳሚ ወንበር ሰው ሲሸከም ውሎ፣
ማታ ብቻውን ነው ደህና እደሩ ብሎ።

ዝም አለች። «እስቲ ይድገሙልኝ።» ደገምኩላት። «ወንበሩማ እኔ ነኝ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ስለታመመው ወንድሟ፣ ቤት ጥላቸው ስለመጣቻቸው ልጆች አወራችኝ። ኪሴ ውስጥ ሌላ አምስት ግጥም ነበረኝ፤ አንዱንም አላወጣሁም። ልትሄድ ስትነሳ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ብሯን ከቋጠረችበት የነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠረችው።