መልስ፦ ከአዘዞ ፒያሳ ለመመላለስ መኪና ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ «ጎንደር አዘዞ እኖራለሁ፣ ሥራዬ ፒያሳ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ስላማረረኝ ተበድሬ መኪና ልግዛ ወይ?» ላልከው፣ እኔ ብሆን አልገዛም። መጀመሪያ ሰርቪስ፣ ማለትም ከሌሎች ጋር በጋራ የምትይዙትን የኮንትራት መኪና፣ ሞክር።

ጠዋት ሰልፉ የሚረዝመው ታክሲ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋል። ሾፌሩ ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ስለሚሆን ደጋግሞ መመላለሱ አያዋጣውም። 12 ሆናችሁ ሚኒባስ በወር ኮንትራት ብትይዙ ግን ገቢውን አስቀድሞ ያውቃል። ዋጋ ላይም መደራደር ትችላላችሁ።

እቁብ የጠጣ ሰው ይህን ለማደራጀት አይቸገርም። አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ ክፍያ በወሩ መጀመሪያ። ሰው የሚያጣላው ከብሩ ይልቅ ሰዓቱ ነው። «ሦስት ደቂቃ ጠብቀን እንሄዳለን» የሚል ሕግ ከወዲሁ አስቀምጡ። የቀረ ሰው ገንዘቡ እንደማይመለስም በጽሑፍ ይያዝ። ደግሞ መኪናው ቤት ለቤት አይዙር፤ ሁለት መነሻ ይበቃል። እስከ መነሻው በእግር ወይም በባጃጅ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አዲስ የምትገዛው ኤሌክትሪክ ነው። ጥሩ ነው፣ ጭስ የለውም። ቦታ መያዙ ግን አይቀርም። እነዚያ 12 ሰዎች በየራሳቸው መኪና ቢመጡ ፒያሳ ላይ የት ሊያቆሙ ነው?

ለገበያ ወይም ለለቅሶ መኪና ካስፈለገህ የዚያን ቀን ባጃጅ ኮንትራት ያዝ። ከብድር ወለድ ይረክሳል።